ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ

ሐሙስ ጠዋት የመድኃኒት ቤቱ ጋዋኖች ለእጥበት ሲመጡ ወፌ ካውያዋን አቁማ እጇን በሽርጧ ጠረገች። ጋዋኖቹ እንደ ወትሮው አራት ናቸው። ሁለቱ ከአንገታቸው ሥር በቀይ ክር ምልክት ተደርጎባቸዋል፤ እነዚያ የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት የእትዬ ናቸው። ሁለቱ በሰማያዊ፤ እነዚያ የልጃቸው። የቀዮቹን ኪስ የላውንደሪው ባለቤት አክስቷ ትፈትሻለች። የሰማያዊዎቹን ግን ከወፌ በቀር የሚነካ የለም።

የአንደኛውን የደረት ኪስ ከፈተች። ባዶ ነው። የሁለተኛውን ከፈተች። ግማሽ ክኒን ወጣ።

«ምን አለሽ?» አለች አክስቷ፣ ጭንቅላቷን ከማጠቢያ ማሽኑ ውስጥ ሳታወጣ።

«ምንም።»

«ምንም ማለት? ሰኞ ያንን ሁሉ ጽፈሽ ልከሽ?»

«ሁለት ገጽ ነው የጻፍኩት።»

«ለወንድ ልጅ ሁለት ገጽ! የሚያነቡት እኮ አንድ መስመር ነው። ‹ና› ብለሽ ብትልኪለት ኖሮ እስካሁን መጥቶ ሻይ እየጠጣ ነበር።»

ወፌ ሳቅ አልመጣላትም። ግማሽ ክኒኑን መስኮቱ ጫፍ ላይ አስቀመጠችውና ወደ ካውያዋ ተመለሰች።

ነገሩ የተጀመረው በግድግዳ ነው። የላውንደሪው መተኮሻ ክፍልና የመድኃኒት ቤቱ ዕቃ ማስቀመጫ አንድ ግድግዳ ይጋራሉ፤ ያውም ስስ፣ ባለ አንድ ጡብ ግድግዳ። ባለፈው ዓመት አንድ ቀን ወፌ አንሶላ እየተኮሰች ስታንጎራጉር ከግድግዳው ማዶ ሌላ ድምፅ ከሥሯ ገብቶ ዜማዋን ተሸከመላት። ደንግጣ አቆመች። ድምፁም አቆመ። ቀጠለች፤ ቀጠለ። ያ ሰፊ፣ ለስላሳ ድምፅ፣ ሰኞና ሐሙስ ጋዋን ስታደርስ ዓይኑን ከባንኮኒው ሳያነሳ «እዚያ አስቀምጪው» ከሚላት ዝምተኛ ሰው የሚወጣ መሆኑን ለማመን ሳምንት ፈጅቶባታል። ሰፈሩ ሁሉ ይህን ሰው ዶክተር ይለዋል። ዶክተር አይደለም፤ የእናቱ መድኃኒት ቤት ውስጥ የሚሠራ ፋርማሲስት ነው። ግን ነጭ ጋዋን ለብሶ በለሆሳስ የሚናገር ሰው ከዶክተር በቀር ምን ሊባል ይችላል?

ከዚያ ሰፈሩ ጆሮ የሚለው ሰው መጣ። ጆሮ የድምፅ ቀረጻ ባለሙያ ነው፤ ሱሪው እስኪተኮስለት ቆሞ ሳለ ሁለቱ ግድግዳ ለግድግዳ ሲቀባበሉ ሰማ። ሱሪውን ረስቶ ሄደ፤ በማግስቱ ሁለቱንም ይዞ ስቱዲዮው ገባ። ስቱዲዮ ይበለው እንጂ ግድግዳው በእንቁላል ካርቶን የተለበጠ አንድ ክፍልና አንድ ደህና ማይክራፎን ነው። የዶክተር ድምፅ የወፌን እየዋጠ አስቸገረ። «አንተ ሰው ነህ ወይስ ቱቦ?» አለ ጆሮ፤ በጠመኔ ወለሉ ላይ አሰመረና ዶክተርን ከወፌ ጀርባ ሦስት እርምጃ አራቀው። «ከመስመሯ ንቅንቅ ብትል ካውያውን ነው የማመጣብህ!»

እንዲህ ሆኖ ነው «ከግድግዳው ማዶ» የተቀረጸው። ቀስ ያለ፣ አሜሪካኖች ሶል የሚሉት ዓይነት ዜማ ነው፤ ለጭፈራ አይሆንም፤ ሰው ግን ሲሰማው የያዘውን ሥራ ያቆማል። ሬዲዮ ጣቢያው ከለቀቀው ዘጠኝ ሳምንቱ ነው። በአራተኛው ሳምንት ከአሥሩ ምርጥ ዘፈኖች አንደኛ ወጣ፤ ይኸው እስከ ዛሬ አልወረደም። ታክሲ ውስጥ አለ፣ ፀጉር ቤት አለ፣ የሥጋ መሸጫው ሰውዬ ሳይቀር በቢላዋው ምት ይመታለታል። ዘፋኞቹን ግን የሚያውቅ የለም። «ጎረቤታሞቹ» ብቻ ነው የሚባሉት። ስሙ እንዳይነገር የለመነው ዶክተር ነው።

«ለእናቴ ቀስ ብዬ ልንገራት» ብሏት ነበር በጋዋኑ ኪስ በላከላት ደብዳቤ። «መድኃኒት ቤቱን ለኔ ብላ ነው ያቆየችው። ቀስ ብዬ።»

ወፌም ቀስ የሚለውን ቃል ዘጠኝ ሳምንት ታገሠችው። ባለፈው ሰኞ ግን ጆሮ እየሮጠ መጣ። ጣቢያው አንደኛ የወጡትን ዘፋኞች ቅዳሜ በአሥር ሰዓት በአዳራሹ፣ ሕዝብ ፊት በቀጥታ ሊያዘፍን ነው፤ ከዚያም ስድስት ወር በየከተማው እየተዞረ የሚዘፈንበት ዙር አለ። ለዶክተር የመንገሩን ነገር ለወፌ ተወላት፤ እሷም ያኔ ተቀምጣ ጻፈች። «ከመጣህ በስምህ ና» አለችው። «ከጀርባዬ የሚዘፍን ሰው ደከመኝ። ስትዘፍን ፊትህን አይቼው እንኳ አላውቅም። ካልመጣህ በጆሮ ምርጫ ከሌላ ሰው ጋር እዘፍናለሁ፣ ዙሩንም ከሱ ጋር እሄዳለሁ። እንዳፈርክብኝም እቆጥረዋለሁ።» ልቧ ደብዳቤው ላይ ስለነበር ስትተኩስ ካውያዋን የእትዬ ጋዋን ላይ ረስታ የላይኛውን ቁልፍ አቀለጠችው። ደብዳቤውን ሰማያዊ ክር ያለው ጋዋን ኪስ ውስጥ ከታ፣ ጋዋኖቹን አስረክባ መጣች።

ማክሰኞ ከግድግዳው ማዶ ያ ድምፅ ሁለት ስንኝ አሰማ። ወፌ ከንፈሯን ነክሳ ዝም አለች። መልሱን በቃል እንጂ በዜማ አልፈለገችውም። ረቡዕ ድምፁ አልመጣም። ዛሬ ደግሞ ግማሽ ክኒን።

«እንዴት አደራችሁ!» እያለ ባለ ጃኬቱ ገባ። ይህ ሰው ጆሮ በዶክተር ምትክ ለቅዳሜ ያጨው ዘፋኝ ነው፤ በዚያ ሙቀት የቆዳ ጃኬቱን አያወልቅም። «ወፌዬ፣ ልምምድ እንጀምር። ይቺ ሱሪ ደግሞ እግረ መንገዷን ትተኮስልኝ።»

«ድምፅህ ምነው?» አለች አክስቷ።

«ያቺ ሦስተኛው ስንኝ ላይ ያለችው ከፍታ ናታ። ስወጣት ደህና ነኝ፤ ስወርድ ነው የምትጥለኝ።»

«ታዲያ ለምን ትወጣለህ? እታች ሆነህ አትጠብቃትም?»

ልምምዱ ተጀመረ። ባለ ጃኬቱ መልከ መልካም ነው፣ ግጥሙንም ጥንቅቅ አድርጎ አጥንቷል። ሲዘፍን ግን መስታወቱን ነው የሚያየው። ወፌ የራሷን ድርሻ እየዘፈነች መዳፏን ግድግዳው ላይ አሳረፈች። ጡቡ ከወዲህ በእንፋሎት ሞቋል። ከወዲያ ማዶ ምን እንደሆነ ማወቅ አልቻለችም፤ መዳፏን ቶሎ ያላነሳችውም ለዚህ ነው።

* * *

ቅዳሜ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዶክተር ባንኮኒው ጋ ቆሞ የሳል ክኒን ይቆጥራል።

ሰኞ ሁለቱንም ሰማያዊ ጋዋኖች ፈትሾ ነበር፤ አንደኛው ባዶ፣ ሁለተኛው ደግሞ ከእናቱ ጀርባ ላይ። «ቁልፌን አቅልጠውብኛል፣ የአንተን ተበድሬያለሁ» ብለው እጅጌውን ሁለቴ አጥፈው ለብሰውት ነበር። ማታ ሲያወልቁት ፈተሸው፤ ያም ባዶ። ማክሰኞ በግድግዳው ሁለት ስንኝ ላከ፤ መልስ የለም። ረቡዕና ሐሙስ ባለ ቆዳ ጃኬት ጎረምሳ ላውንደሪው ሲገባ አየ። አንድ ሰው በሳምንት ውስጥ ስንት ሱሪ ያስተኩሳል? ዶክተር መልሱን ለራሱ ሰጠና ድምፁን ውጦ ተቀመጠ።

ቅዳሜ በዚህ ሰዓት እናቱ ሁልጊዜ ወደ ጅምላ መጋዘኑ ይልኩታል። ዛሬ አልላኩትም። እንዲያውም ራሳቸው ተነስተው መደርደሪያው ላይ ያለውን ሬዲዮ ድምፅ ጨመሩ።

«...እናም ውድ አድማጮቻችን፣ ዛሬ ልክ በአሥር ሰዓት፣ ለስድስተኛ ሳምንት አንደኛ የወጡት ጎረቤታሞቹ በአዳራሻችን፣ በቀጥታ! ፊታቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ!» አለ አዘጋጁ።

ክኒኖቹ ከዶክተር ጣት ሥር ተንሸራተቱ።

«ቁጥሩ ጠፋህ?» አሉ እናቱ።

«አዎ... አይ፣ ሠላሳ ሰባት ነበርኩ።»

«እንግዲህ እንደገና ጀምራ።»

እትዬ አጭር፣ ቀጥ ያሉ፣ መነጽራቸውን በሰንሰለት አንገታቸው ላይ የሚያንጠለጥሉ ሴት ናቸው። ሰፈሩ ሐኪም ዘንድ ከመሄዱ በፊት እሳቸውን ይጠይቃል፤ ከተመለሰም በኋላ ይጠይቃቸዋል። ባላቸው ከሞቱ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ይህ በር በሥራ ሰዓት ተዘግቶ አያውቅም።

«አሁን ወደ ድምፅ መስጫ ደብዳቤዎቻችሁ» አለ ሬዲዮው። «ይቺን ደንበኛችንን መቼም ታውቋታላችሁ፤ ዘጠነኛ ሳምንቷ ነው። ዛሬም የላከችው በክኒን ከረጢት ላይ ጽፋ ነው። ‹ድምፄን ለከግድግዳው ማዶ ሰጥቻለሁ። ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ ጊዜ ይደመጥ። ከምግብ በፊትም በኋላም ይስማማል።› ስሟን አልጻፈችም። እህታችን፣ እኛም እንደታዘዝነው እየወሰድነው ነው!»

ዶክተር መቁጠሪያ ማንኪያውን አስቀመጠ። ባንኮኒው ጫፍ ላይ ያለውን የክኒን ከረጢት ክምር አየ። ከዚያ እናቱን አየ። እናቱ የመነጽራቸውን መስታወት በጋዋናቸው ጫፍ እየጠረጉ ነበር፤ ያውም የጠራ መነጽር።

«እማዬ...»

«አቤት።»

«ያ ከረጢት...»

«ምን ሆነ? ጽሑፌ አይነበብም እንዴ? ሰውየው አንድም ቃል አልተሳሳተ።»

«ታውቂያለሽ ማለት ነው?»

«ምኑን?»

«እኔ መሆኔን።»

እትዬ መነጽራቸውን አደረጉ። «ልጅ ሆነህ ሰባት ዓመት ሙሉ ደረትህ ሲያፍን ጆሮዬን ደረትህ ላይ ለጥፌ ነው ያሳደግኩህ። ትንፋሽህን እንደ ስሜ ነው የማውቀው። ልትዘፍን ስትል በአፍንጫህ ሁለቴ ትስባለህ፤ አንዴ አጭር፣ አንዴ ረዥም። የመጀመሪያው ቀን ሬዲዮው ገና ያንን ትንፋሽ ሲያሰማ፣ ቃል ሳይወጣህ፣ እዚህ ጋ ቆሜ የያዝኩትን ጠርሙስ ለቀቅኩት።»

«ያ የሽሮፕ ጠርሙስ... ድመት ነው ያልሽው!»

«ድመት የለንም እኮ። አንተም አልጠየቅከኝ።»

ዶክተር ሊስቅ ነበር፤ የእናቱ ፊት ግን ከለከለው።

«ዘጠኝ ሳምንት ጠበቅኩህ» አሉ፣ ቀስ ብለው። «ዛሬ ይነግረኛል፣ ነገ ይነግረኛል። ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻዬን እንድሰማህ መጋዘን እልክሃለሁ። ስትመለስ ፊትህን አያለሁ፤ ምንም። ለመሆኑ ምን ዓይነት አስፈሪ ሴት ሆኜብህ ነው? ከተማው ሁሉ የሚያውቀውን ደስታህን እናትህ በክኒን ከረጢት የምትለምነው?»

«መድኃኒት ቤቱን ጥዬብሽ እንዳልሄድ ትፈሪያለሽ ብዬ...»

«እፈራለሁ! ማን አልፈራም አለህ? ፍርሃት እኮ ይነገራል እንጂ አይደበቅም።» ከኪሳቸው በአራት የታጠፈ ወረቀት አወጡና ባንኮኒው ላይ በሁለት ጣት ገፉለት። «ይኸ ያንተ ነው። ሰኞ እስክሪብቶ ስፈልግ ከጋዋንህ ኪስ አገኘሁት። የሰው ደብዳቤ አንብቤ አላውቅም ነበር። ይኸው አነበብኩ፤ ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ባነብም በማግስቱ ልሰጥህ ይገባኝ ነበር። ግን እልህ ያዘኝ፤ ራሱ ይንገረኝ አልኩ። ዛሬ በዘጠኝ ሰዓት የሳል ክኒን ስትቆጥር ሳይህ ነው እልኬ ያፈረብኝ።»

ዶክተር ቆሞ አነበበ። «እንዳፈርክብኝም እቆጥረዋለሁ» የሚለው ላይ ሲደርስ ፊቱ ደም መሰለ።

«ስለ እሷስ?» አለ። «ላውንደሪ ነው የምትሠራው ብለሽ...»

«ብያለሁ፤ በሆዴ። የመጀመሪያው ሳምንት ‹ልጄና ካውያ ሠራተኛ!› ብያለሁ፤ አልዋሽህም። ሬዲዮውን የምከፍተው አንተን ልሰማ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ግን ሳላውቀው እሷን መጠበቅ ጀመርኩ። ያቺ ልጅ ስትገባ አንተ ትረጋጋለህ፤ ይሰማል እኮ። ድምፅህ ውስጥ ያ የልጅነት ማፈን ይለቅሃል። እኔ በሽሮፕ ሰባት ዓመት የታገልኩትን።» ሰዓታቸውን አዩ። «አሁን ምን ትጠብቃለህ? ዘጠኝ ከሃያ አምስት ነው!»

«መድኃኒት ቤቱስ?»

«ሰኞ ባንኮኒው ላይ ትቆማለህ። ዙሩን ቅዳሜና እሑድ ብቻ ያድርጉት፤ እምቢ ካሉኝ እኔ አነጋግራቸዋለሁ።»

ዶክተር ለሚያነጋግሯቸው ሰዎች አዘነላቸው።

በዚህ መሃል የሰፈሩ ሽማግሌ በሩ ላይ እየሳሉ ደረሱ። «እትዬ፣ የሳል መድኃኒቴን።»

«ዝግ ነው አባባ።»

«ምን? ማን ሞተ?»

«ማንም። ቤትዎ ገብተው በአሥር ሰዓት ሬዲዮ ይክፈቱ፤ ካልተሻለዎት ሰኞ ይምጡ።»

እትዬ ልጃቸውን ወደ በሩ አዞሩት። ኮሌታውን አቃኑለት፤ የሰማያዊዋ ክር ጫፍ ወጣ ብላ ነበርና ወደ ውስጥ መለሷት። ከዚያ የደረት ኪሱን ሁለቴ መታ መታ አደረጉ። «ሩጥ። ደረትህ ይችልሃል፤ እኔ አውቀዋለሁ።»

ሮጠ። መንገዱ ዳር ያሉት ሬዲዮዎች ሁሉ ስለሱ ሲያወሩ እየሰማ፣ ዘጠኝ ሳምንት የተሸከመውን ፍርሃት ከእያንዳንዱ ደጃፍ ላይ ትንሽ ትንሽ እየጣለ ሮጠ። ለካ በሩን የዘጋበት ሰው የለም። እሱ ራሱ ነበር ቁልፉን ይዞ ከውጭ የቆመው።

* * *

የሬዲዮ ጣቢያው አዳራሽ ጢም ብሎ ሞልቷል። መድረኩ ላይ ሁለት ማይክራፎኖች ፊት ለፊት ቆመዋል፤ ጆሮ ጣቢያውን ለምኖ ሁለት ስላስገኘ እንደ ሙሽራ ይኮራል። ከላይ ያለው ቀይ መብራት ሲበራ ድምፁ በቀጥታ ወደ ከተማው ይሄዳል።

ወፌ ራሷ የተኮሰችውን ሰማያዊ ቀሚስ ለብሳ ከመጋረጃው ጀርባ ቆማለች። ከፊተኛው ወንበር አክስቷ እጇን ታውለበልብላታለች። ባለ ጃኬቱ ከጎኗ ቆሞ ትኩስ ውኃ ይጠጣል።

«አይዞሽ» አላት፣ ድምፁ እንደ አሮጌ በር እየተንጫረረ። «ያቺን ከፍታ ካለፍን ሌላው ቁልቁለት ነው።»

«አይዞኝ» አለች ወፌ። ስለ ዘፈኑ አልፈራችም። የፈራችው ዛሬ ከዘፈነች በኋላ ነገ መተኮሻ ክፍሏ ስትገባ ያ ግድግዳ ዝም ብሎ ግድግዳ ሆኖ እንዳይጠብቃት ነው።

ቀዩ መብራት በራ። አዘጋጁ መናገር ጀመረ። በዚያው ቅጽበት ከአዳራሹ መግቢያ ጩኸት ተሰማ።

«ቲኬት!» ይላል ዘበኛው።

«የለኝም፣ እኔ...» ትንፋሽ አጥሮታል። «እኔ ዘፋኙ...»

ዘበኛው ነጩን ጋዋን አየ፤ በላብ የተጠመቀ ፊቱን አየ፤ የሰማውን ሳይሆን ያየውን አመነ። «ሰው ታሟል! መንገድ ልቀቁ፣ ሐኪም ነው! ሐኪም ነው!»

ሰዉ እንደ መጋረጃ ተከፈለ። «ማን ነው የታመመው?» «ሴትዮ ናት አሉ።» «ኸረ ውኃ አምጡ!» ዶክተር በማይገባው ክብር ታጅቦ መድረኩ ሥር ደረሰ። የፊተኛው ረድፍ ላይ አክስቷ ብድግ ብላ፣ «ዶክተር! አሁን ነው የሚመጣው? ካውያ እንኳ እስኪግል ይኼን ያህል አይፈጅም!» ብላ ስትጮህ አዳራሹ ሳቀ፤ ቀዩ መብራት በርቶ ነበርና ከተማውም ሰማ።

ባለ ጃኬቱ አጮልቆ አየና ነገሩ ገባው። ብርጭቆውን ለወፌ አቀበላት። «ባለቤቱ መጣ። እግዜር ይስጠው።» ወደ መድረኩ ደረጃ ጎንበስ ብሎም፣ «ዶክተር፣ የጉሮሮ ነገር ይዘሃል?» አለው።

«ሰኞ ና» አለ ዶክተር እያለከለከ።

ወፌ ብርጭቆውን ወለሉ ላይ አስቀምጣ ወጣችና ማይክራፎኗ ጋ ቆመች። ዶክተርም ደረጃውን ወጥቶ ከጎኗ ቆመ። አዘጋጁ ሳቁን ዋጥ አድርጎ ወደ ዶክተር ዞረ። «እንግዲህ ከጎረቤታሞቹ አንዱ እርስዎ ከሆኑ፣ ስምዎን ለአድማጮቻችን?»

ዶክተር በአፍንጫው ሁለቴ ሳበ፤ አንዴ አጭር፣ አንዴ ረዥም። ከዚያ ስሙን፣ ከነአባቱ፣ እስከ አያቱ፣ ዳኛ ፊት እንደቆመ ሰው ጥርት አድርጎ ተናገረ። «የምሠራው ከእናቴ ጋር መድኃኒት ቤት ነው» አለ ቀጥሎ። «የወፌ መተኮሻ ክፍል ከዕቃ ቤታችን ጋር ግድግዳ ይጋራል። አንድ ነገር ልበል፤ ደብዳቤዋ የደረሰኝ ዛሬ በዘጠኝ ሰዓት ነው። ሰኞ ቢደርሰኝ ኖሮ ሰኞ ነበር የምመጣው።»

ወፌ አንገቷን ቀና አደረገች። ቁልፉ ትዝ አላት። ያቺ ያቀለጠቻት ቁልፍ፣ ያለ ቁልፍ ቀርተው የልጃቸውን ጋዋን ሳይለብሱ ያልቀሩት እትዬ፣ በእጃቸው የገባው ደብዳቤ፤ ሁሉም አንድ በአንድ እንደ ልብስ ቦታ ቦታው ገባ። አምስት ቀን የተቀየመችው በራሷ ካውያ ጦስ ነው! እጇን አፏ ላይ ጫነች።

ሙዚቃው ተጀመረ። ያ ቀስ ያለ መግቢያ አዳራሹን ሲሞላ ዶክተር የለመደውን አደረገ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ሄዶ፣ ጠመኔ በሌለበት ወለል ላይ፣ ከወፌ ጀርባ ቆመ።

ጆሮ ከመቆጣጠሪያ ክፍሉ መስታወት ወዲያ ሁለት እጁን ወደ ላይ ወረወረ። ማይክራፎኑ ባዶ ቦታ ላይ ቀርቷል። የመጀመሪያው ስንኝ የዶክተር ነው፤ ሙዚቃው መግቢያውን ጨርሶ እየደገመ ነው። ወፌ ዘወር አለች። እዚያ፣ ሦስት እርምጃ ርቆ፣ እጁን እንደ ተማሪ ወደ ታች ዘርግቶ ቆሟል፤ ተሳስቶ እንደሆነ እንኳ አላወቀም። ሁለት ገጽ ሙሉ የጻፈችው ነገር ሁሉ ከራሷ ጠፋ። የቀረላት አንድ ቃል ነው።

«ና» አለችው።

በማይክራፎኑ ነበር ያለችው። ከተማው ሰማ። አክስቷ፣ «ብዬሽ ነበር!» ብላ ከወንበሯ ተነሳች።

ዶክተር አንድ እርምጃ መጣ። ሁለት። ሦስት። ፊት ለፊቷ ቆመና ዘፈነ፦

«ከግድግዳው ማዶ ድምፅሽ ሲሰማኝ፣
ጡቡም ልብ አለው ብዬ ጠረጠርኩኝ።»

ወፌ ዘጠኝ ሳምንት ሙሉ ከተማው የሰማውን ድምፅ አሁን አየችው። ሲዘፍን ግራ ቅንድቡ ከፍ ይላል፤ ክፉ የእጅ ጽሑፍ ያለው ማዘዣ እንደሚያነብ ሰው። ከፍታው ጋ ሲደርስ ዓይኑን አይጨፍንም፤ እንዲያውም ይከፍተዋል። ይህን ፊት ስንት ቀን ከጀርባዋ አስቀምጣው ኖራለች! ተራዋ ደረሰ። አፏን ስትከፍት መጀመሪያ የወጣው ሳቅ ነው። በሳቋ ላይ ዘፈነች፤ እንባዋም መጣ፤ እሱንም ጨመረችበት፦

«በር ነው እንጂ ያጣን፣ ሰው መች ጠፍቶ ነበር፤
አንዲት ቃል ትበቃለች ግድግዳ ለመስበር።»

ሁለቱ ድምፆች ሲገናኙ አንዱ ሌላውን አልዋጠም። ጆሮ እጆቹን ከመቆጣጠሪያው ላይ አነሳና አገጩን ተደግፎ ዝም ብሎ ሰማ። በመጨረሻው ረድፍ ወንበር ያጡት እትዬ ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። አንድም ቃል አልሳቱ።

ዘፈኑ ሲያልቅ አዳራሹ በጭብጨባ ፈነዳ። ሁለቱ ግን ከቦታቸው አልተነቃነቁም። በቃል መነጋገር ገና አልለመዱም። የወፌ እጅ ብቻ የለመደውን ያውቃል። ተዘረጋና ሰማያዊ ክር ያለው ጋዋን የደረት ኪስ ውስጥ ገባ።

የሆነ ነገር ነካች። ትንሽ የወረቀት ከረጢት።

«ጻፍክልኝ?»

«እኔ? መቼ ጊዜ አግኝቼ?»

አወጣችው። ክኒን የሚገባባት ከረጢት ናት። መስመሮቿ የታተሙ፣ ባዶ ቦታዎቹ በቀጥ ያለ፣ በማያወላዳ እጅ የተሞሉ፦

*የታካሚ ስም፦ ወፌ።*
*መጠን፦ አንድ ምሳ።*
*ሰዓት፦ ነገ እሑድ፣ ስድስት ሰዓት።*
*አወሳሰድ፦ ከቤተሰብ ጋር።*
*ማሳሰቢያ፦ በየሳምንቱ ይወሰድ፤ መሃል ላይ እንዳይቋረጥ።*

ከሥሩ በደቃቅ ጽሑፍ ደግሞ፣ *ስለ ቁልፉ ተነጋግረን እንታረቃለን* ይላል።

ወፌ ቀና ብላ ፈለገቻቸው። እትዬ ከኋላ፣ ግድግዳው ጋ፣ መነጽራቸውን አውልቀው ይጠርጋሉ፤ ይህን ጊዜ ግን መነጽሩ በእርግጥ መጠረግ ያስፈልገው ነበር። ዓይን ለዓይን ተገናኙ። እስከ ዛሬ ጋዋን ስታስረክብ ዓይኗን መሬት ላይ ነበር የምትተክለው። አሁን አልተከለችም። መልስ ለመጻፍ እርሳስ ፈለገች፤ የለም። ወረቀት ፈለገች፤ የለም። ታዲያ ምን ያስፈልጋል?

«እመጣለሁ፣ እትዬ!» አለች።

ቀዩ መብራት ገና አልጠፋም ነበር። የሥጋ መሸጫው ሰውዬ ቢላዋውን አስቀመጠ፤ ታክሲዎቹ ውስጥ ሰዎች እርስ በርስ ተያዩ፤ ሳላቸው የተሻላቸው ሽማግሌ ከሬዲዮናቸው አጠገብ፣ «ወዴት ነው የምትሄደው?» ብለው ጠየቁ። ወፌ ግን የዶክተርን እጅ ይዛ፣ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ መልሷን በማንም ኪስ ሳትደብቅ፣ ወደ ኋላኛው ግድግዳ እየሳቀች ትመለከት ነበር።